ከዳንዚግ እስከ ፓሪስ፦ የጀርመን አሥር የድል ወራት

ጀርመን በ1940 ፈረንሳይን ስትወጋ ከፈረንሳይ ያነሱ ታንኮች ነበሯት። የፈረንሳይ ታንኮች ብረታቸው የወፈረ፣ የብዙዎቹም መድፍ የበረታ ነበር። አብዛኛው የጀርመን ወታደር በእግሩ ይጓዝ፣ መድፉንና ስንቁንም በፈረስ ያስጎትት ነበር። ያም ሆኖ አባቶቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አራት ዓመት ሙሉ ተዋግተው ያልረገጧትን ፓሪስን ይህ ሠራዊት በአምስት ሳምንት ገባባት።

ነገሩን በብረት ብዛት ለማስረዳት የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ከሴፕቴምበር 1939 እስከ ጁን 1940 የሆነውን በቅደም ተከተል የሚከታተል ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። አንደኛው ወገን ውሳኔውን በሰዓት ሲለካ፣ ሌላው በቀንና በሳምንት ይለካ ነበር። የአሸናፊው ድል ደግሞ ለጥቂት ሳይከሽፍ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።)

የመቶ ሺው ሠራዊት

በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል የጀርመን ጦር ከ100 ሺህ ሰው እንዳይበልጥ፣ ታንክም ሆነ የጦር አውሮፕላን እንዳይኖረው ከለከለ። ክልከላው ከልካዮቹ ያላሰቡትን ውጤት አስከተለ። በጄኔራል ሃንስ ፎን ዜክት ሥር የነበረው ትንሽ ሠራዊት ወታደር ማብዛት ስላልቻለ ያለ የሌለ ጉልበቱን መኮንን ማሠልጠን ላይ አዋለው። እያንዳንዱ አለቃ የበላዩን ቦታ ተክቶ መሥራት እንዲችል ተማረ። አዛዡ የሚፈልገውን ግብ ይነግረዋል፤ እንዴት እንደሚደርስበት የሚወስነው ግን እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ያለው ሰው ነው። ውሉ የከለከለውን ታንክ ደግሞ ከዓለም ዓይን ርቀው፣ በሶቪየት ኅብረት ካዛን ከተማ አጠገብ በተቋቋመ ምስጢራዊ ማሠልጠኛ ይለማመዱ ነበር።

ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ያዘ። በ1935 የግዳጅ ውትድርናን መልሶ አወጀ፤ ታንከኛ ክፍለ ጦሮችም በዚያው ዓመት ተቋቋሙ። ከእነዚህ ክፍሎች ፈላጊዎች ዋናው ሃይንዝ ጉደሪያን ነበር። ጉደሪያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሬዲዮ መገናኛ ክፍል ያገለገለ መኮንን ነው። ታንክ ከታንክ ጋር፣ አዛዥም ከታንኮቹ ጋር መነጋገር ካልቻለ ፍጥነቱ ከንቱ መሆኑን ያውቅ ስለነበር ለእያንዳንዱ ታንክ ሬዲዮ እንዲገጠም ተከራከረ፤ አስገጠመም። በዚያው ዘመን ብዙዎቹ የፈረንሳይ ታንኮች የሚነጋገሩት በባንዲራ ምልክት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለጥይት የተገኙ ድሎች ተከታተሉ። በማርች 1936 የጀርመን ጦር ወደ ራይንላንድ ገባ። በማርች 1938 ኦስትሪያ ተጠቀለለች። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙኒክ ላይ ተቀምጠው የቼኮዝሎቫኪያን ድንበር ቆርሰው ለሂትለር ሰጡ። በማርች 1939 ፕራግ ራሷ ተያዘች። ከፕራግ ጋር የቼክ መሣሪያ ፋብሪካዎችና ታንኮችም በጀርመን እጅ ወደቁ፤ ኤርቪን ሮመል በኋላ ፈረንሳይን ሲያቋርጥ ከክፍለ ጦሩ ታንኮች ብዙዎቹ ቼክ ሠራሽ ነበሩ።

ኦገስት 23 ቀን 1939 ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ላለመዋጋት ተፈራረሙ። ከውሉ ጋር የተያያዘው ምስጢራዊ ሰነድ ፖላንድን ለሁለት ይከፍላት ነበር።

ፖላንድ

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 ላይ፣ ለወዳጅነት ጉብኝት መጥታ በዳንዚግ ወደብ የቆመችው አሮጌዋ የጀርመን የጦር መርከብ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ቬስተርፕላተ በተባለው የፖላንድ ጦር ሰፈር ላይ መድፏን ከፈተች። በሰፈሩ የነበሩት ወደ 200 የሚጠጉ ወታደሮች ናቸው። በሻለቃ ሄንሪክ ሱሃርስኪ እየተመሩ ሰባት ቀን ያዙት።

የፖላንድ ትልቁ ችግር ጦርነቱ ሳይጀመር ነበር የጀመረው። ኦገስት 29 የታወጀው ክተት፣ ሰላሙን ያደናቅፋል በሚል በብሪታንያና በፈረንሳይ ግፊት ተሰረዘ፤ በማግስቱ እንደገና ታወጀ። ስለዚህ ጀርመን ወደ 1.5 ሚሊዮን ወታደር አሰልፋ ስትዘምት ከፖላንድ ወታደሮች ብዙዎቹ ገና በባቡር ላይ ነበሩ። የተሰለፈውም ጦር የአገሪቱን የኢንዱስትሪ አካባቢዎች ላለመልቀቅ ሲል በረጅሙ ድንበር ላይ ሳስቶ ተዘርግቷል። ጀርመኖች ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከስሎቫኪያ በኩል ከደቡብ ገብተው መስመሩን በጥቂት ቦታዎች ቀደዱት፤ ከኋላው ዞረውም ከበቡት።

የፖላንድ ፈረሰኞች በጎራዴ ታንክ ላይ ዘመቱ የሚለው ወሬ የመጣው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ክሮያንቲ በተባለ መንደር አጠገብ አንድ የፈረሰኛ ክፍል በጀርመን እግረኛ ላይ ዘምቶ በተነው። ከዚያ ብረት ለበስ መኪናዎች ከጫካ ብቅ ብለው በመትረየስ ፈጁት። ኋላ ጋዜጠኞች ወደ ቦታው ሲወሰዱ የፈረስና የሰው ሬሳ፣ አጠገቡም የጀርመን ታንክ አዩ፤ የቀረውን የፕሮፓጋንዳ ሰዎች ሞሉት። የፖላንድ ፈረሰኛ በእውነት የሚዋጋው ከፈረሱ ወርዶ፣ በፀረ ታንክ ጠመንጃና በመድፍ ነበር።

ሴፕቴምበር 3 ብሪታንያና ፈረንሳይ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጁ። ሴፕቴምበር 8 የጀርመን ታንኮች የዋርሶ ዳርቻ ደረሱ። በማግስቱ በከተማዋ ጎዳናዎች ለመግባት ሲሞክሩ ግን መንገድ በዘጉ ተከላካዮች ተመቱና ብዙ ታንክ ጥለው ተመለሱ። በዚያው ሰሞን ከፖዝናን የሚያፈገፍገው የፖላንድ ጦር ብዙራ በተባለው ወንዝ ላይ ዞሮ የጀርመንን ጎን መታ። ጥቃቱ ለጥቂት ቀናት ጀርመኖችን አስደነገጣቸው፤ ከዚያ አውሮፕላንና ታንክ ተሰብስቦ መጣበትና ተከበበ።

ሴፕቴምበር 17 የሶቪየት ጦር ከምሥራቅ ገባ። ከዚያ በኋላ የፖላንድ ጦር የሚያፈገፍግበት መሬት አልነበረም። መንግሥቱ ወደ ሩማንያ ተሻገረ። በቦምብና በመድፍ የተደበደበችው ዋርሶ ሴፕቴምበር 28 እጅ የመስጠት ውል ፈረመች። የመጨረሻው ጦር ኮትስክ አጠገብ ተዋግቶ ጥይቱ ሲያልቅ ኦክቶበር 6 ተማረከ። የፖላንድ መንግሥት ግን እጅ መስጠቱን የሚገልጽ ወረቀት አልፈረመም፤ ከስደት ሆኖ ጦርነቱን ቀጠለ። ፖላንዳውያን የሒሳብ ሊቃውንትም ጦርነቱ ከመጀመሩ አምስት ሳምንት ቀደም ብለው፣ የጀርመንን የኢኒግማ ምስጢራዊ መልእክት የሚፈቱበትን ዘዴ ለብሪታንያና ለፈረንሳይ አስረክበው ነበር።

ከጀርመን ጦር ኋላ የኤስ ኤስ ገዳይ ቡድኖች ተከተሉ። መምህራን፣ ቀሳውስት፣ መኳንንትና አይሁድ በየመንደሩ ተረሸኑ። ኖቬምበር 6 በክራኮው ከ180 በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለስብሰባ ተጠርተው እንደተቀመጡ ታፍሰው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። የድሉ ፍጥነት ለተሸነፈው ሕዝብ የመከራው መጀመሪያ ነበር።

ሳይዋጉ የተዋጉበት ክረምት

ጀርመን ፖላንድን ስትወጋ ከፈረንሳይ ጋር በሚያዋስናት ግንባር ያስቀረችው ጦር ሳሳ ያለ ነበር። ፈረንሳይ በዚያ ግንባር ብልጫ ነበራት። ሴፕቴምበር 7 ጦሯ ወደ ሳርላንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዘልቆ ገባ፤ ቆመ፤ በኦክቶበር ወደ ምሽጉ ተመለሰ። የፈረንሳይ ጄኔራሎች ያረጁት በ1914 እና በ1918 መካከል ነው። ያን ጊዜ ያዩት የወጣት እልቂት አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በማዥኖ ምሽግ ተከልለው፣ ጠላትን በባሕር አግተው፣ ኃይል እስኪያጠራቅሙ መጠበቅን መረጡ። ጊዜው ለእኛ ይሠራል ብለው አመኑ።

ሂትለር ግን ወዲያው ለመውጋት ቸኮለ። ጄኔራሎቹ ጥይትና መለዋወጫ አልቆብናል፣ አየሩም አይመችም እያሉ ቀኑ ደጋግሞ ተላለፈ። የመጀመሪያው ዕቅድ እንደ 1914ቱ በቤልጅግ በኩል መግባት ነበር። ጃንዋሪ 10 ቀን 1940 የዕቅዱን ሰነድ የያዘ መኮንን የተሳፈረባት አውሮፕላን በጭጋግ መንገድ ስታ ቤልጅግ ውስጥ አረፈች። መኮንኑ ወረቀቶቹን ለማቃጠል ቢሞክርም ያልነደደው ቤልጅጎች እጅ ገባ።

በዚህ መሐል ኤሪኽ ፎን ማንሽታይን የተባለ ጄኔራል ሌላ ሐሳብ ይዞ ይሟገት ነበር። ዋናው ኃይል በቤልጅግ ሜዳ ሳይሆን በአርደን ጫካና ኮረብታ በኩል ይለፍ፤ የሜዝን ወንዝ ሴዳን ላይ ይሻገርና ወደ ባሕሩ ይሩጥ፤ ወደ ቤልጅግ የሚገሰግሰው የብሪታንያና የፈረንሳይ ምርጥ ጦር ከኋላው ይዘጋበት አለ። የበላዮቹ ንትርኩ ሰልችቷቸው ከግንባር አርቀው ሌላ ቦታ ሾሙት። ፌብሩዋሪ 17 ግን አዲስ የተሾሙ አዛዦች ከሂትለር ጋር ሲገናኙ ማንሽታይን ሐሳቡን በአፉ አስረዳ። ሂትለር ወደደው። ጠቅላይ መምሪያውም ዕቅዱን በዚያ መልክ እንደገና ጻፈው።

የፈረንሳይ ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ሞሪስ ጋምላን በዚያው ጊዜ ዕቅዳቸውን በተቃራኒው አሻሻሉ። በተጠባባቂነት ይዘውት የነበረውን 7ኛውን ጦር ወደ ሆላንድ እንዲገሰግስ በግራ ጫፍ መደቡት። ከሴዳን ኋላ የሚጠብቅ ጦር አልቀረም።

የሰሜኑ ቁማር

ምዕራቡ ከመወጋቱ በፊት ሂትለር ወደ ሰሜን ዞረ። የጀርመን ፋብሪካዎች የስዊድን የብረት ማዕድን ያስፈልጋቸዋል፤ ባሕሩ በረዶ ሲሆን ማዕድኑ የሚጫነው ከኖርዌዩ ናርቪክ ወደብ ነው። ብሪታንያም ይህን መስመር ለመዝጋት እየተዘጋጀች ነበር።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ጀርመን ዴንማርክንና ኖርዌይን ባንድ ሌሊት ወረረች። ዴንማርክ ከቁርስ ሰዓት አላለፈችም። በኖርዌይ ወታደሮች ከኦስሎ እስከ ናርቪክ ባሉ ወደቦች ከጦር መርከብ ወረዱ፤ የአየር ወለድ ጦርም አውሮፕላን ማረፊያዎችን ያዘ። ወደ ኦስሎ የሚያስገባውን ጠባብ ባሕር የሚጠብቀው የኦስካርስቦርግ ምሽግ ግን አሮጌ የክሩፕ መድፎችና የባሕር ዳር ቶርፔዶዎች ነበሩት። አዛዡ ኮሎኔል ቢርገር ኤሪክሰን ከበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ተኩስ አሉ። ገና አዲስ የነበረችው ከባድ መርከብ ብሉሸር ከነወታደሮቿ ሰጠመች። ኦስሎ በዚያው ቀን ብትያዝም የተገኘው የጥቂት ሰዓት ፋታ ንጉሥ ሃኮን 7ኛን፣ መንግሥቱንና የአገሪቱን ወርቅ አዳነ።

በናርቪክ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በሁለት ውጊያዎች አሥር የጀርመን አጥፊ መርከቦችን ደመሰሰ። ሜይ 28 የኖርዌይ፣ የፈረንሳይ፣ የፖላንድና የብሪታንያ ጦር ከተማዋን ቢያስለቅቅም በፈረንሳይ የሆነው ነገር ወታደሩን ሁሉ ወደዚያ ጠራውና ለቆ ወጣ። ኖርዌይ ጁን 10 እጅ ሰጠች። ጀርመን አገሪቱን አገኘች፤ የባሕር ኃይሏን ግን ሰበረች። በኋላ ወደ እንግሊዝ መሻገር ሲታሰብ የሰመጡት መርከቦች በብርቱ ተፈለጉ።

የኖርዌይ ሽንፈት በለንደን መንግሥት ጣለ። ዘመቻውን በባሕር ኃይል ሚኒስትርነት የመሩት ዊንስተን ቸርችል ከተጠያቂዎቹ አንዱ ቢሆኑም ሜይ 10 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ማለዳ ጀርመን ምዕራቡን ወግታለች።

አርደን

ሜይ 10 ንጋት ላይ ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ያለ ድምፅ ኤበን ኤማል በተባለው የቤልጅግ ትልቅ ምሽግ ጣራ ላይ አረፉ። ከ90 ያነሱ የጀርመን ወታደሮች ወርደው የመድፍ ጉልላቶቹን በልዩ ፈንጂ አፈረሱ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ጠባቂዎች ውስጥ ለውስጥ ታፍነው በማግስቱ እጅ ሰጡ። በሆላንድ የአየር ወለድ ጦር ድልድዮችን ያዘ። ሜይ 14 ሮተርዳም በቦምብ ነደደች፤ ከ800 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ቤት አልባ ሆነ። ሆላንድ በማግስቱ እጅ ሰጠች።

ይህ ሁሉ ጩኸት በሰሜን ነበር፤ ዓይን ሁሉም ወደዚያ አየ። የብሪታንያና የፈረንሳይ ምርጥ ጦር እንደታሰበለት ወደ ቤልጅግ ገሰገሰ። በአርደን ጠባብ መንገዶች ደግሞ የጄኔራል ክላይስት ታንከኛ ጦር፣ ከ1,200 በላይ ታንኮችና ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ይዞ በአራት መንገድ ብቻ ተጨናንቆ ይሳባል። ሰልፉ ከሜዝ ዳር እስከ ራይን ወንዝ ይደርስ ነበር። በዚያ መጨናነቅ ላይ የቦምብ ዝናብ ቢወርድ ኖሮ የዘመቻው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። የፈረንሳይ አብራሪዎች የመኪናውን ሰልፍ አይተው ዘግበዋል፤ የበላዮቻቸው ግን ዋናው ውጊያ ሰሜን ነው ብለው ስለወሰኑ አልተቀበሏቸውም። ጀርመኖች ያለ እንቅልፍ ነዱ። ነቅቶ ለመቆየት ፐርቪቲን የተባለ አነቃቂ እንክብል በሠራዊቱ ውስጥ በሚሊዮኖች ታድሎ ነበር።

ፈረንሳውያን ጀርመኖች አርደንን አልፈው መድፍ እስኪያቀርቡ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል ብለው አስልተዋል። ጀርመኖች ሜዝ ዳር የደረሱት በሦስተኛው ቀን፣ ሜይ 12 ምሽት ነው። በዚያው ሌሊት ዲናን አጠገብ የሮመል ሞተረኛ ወታደሮች ወንዙን በአሮጌ የውሃ መከተሪያ ግንብ ላይ ተራምደው ተሻገሩ። መከተሪያው ያልፈረሰው ከፈረሰ የወንዙ ውሃ ጎድሎ መሻገር ይቀላል ተብሎ ነበር።

ሜይ 13 ሴዳን ላይ ጉደሪያን ከባድ መድፉን አልጠበቀም። በመድፍ ፈንታ አውሮፕላን ተጠቀመ። ከጠዋት ጀምሮ ቦምብ ጣዮች በማዕበል ተመላለሱ፤ ሽቱካ የተባሉት አውሮፕላኖች ሳይረን እያስጮኹ ቁልቁል ወረዱ። በምሽጉ የነበረው 55ኛው የፈረንሳይ ክፍለ ጦር በዕድሜ የገፉ፣ ሥልጠናቸው የሳሳ ተጠባባቂዎች የሞሉበት ነው። ቦምቡ ብዙ ሰው አልገደለም፤ የስልክ ሽቦውን ግን በጣጠሰው፣ ልባቸውንም ሰለበው። ከሰዓት በኋላ የጀርመን እግረኞች በጎማ ጀልባ ተሻገሩ። ምሽት ላይ ከኋላ ያሉ መድፈኞች የጀርመን ታንክ መጣ የሚል ወሬ ሰምተው መድፋቸውን ጥለው ሸሹ። በዚያ ሰዓት አንድም የጀርመን ታንክ ወንዙን አልተሻገረም ነበር።

የፈረንሳይ የመልሶ ማጥቃት ትእዛዝ በዚያው ምሽት ወጣ። ታንኮቹ የተንቀሳቀሱት በማግስቱ ጠዋት ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ሌሊት ጀርመኖች ድልድዩን ሠርተው ታንካቸውን አሻግረዋል። ሜይ 14 የብሪታንያና የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ድልድዩን ለማፍረስ በተከታታይ ዘመቱ፤ በጀርመን ፀረ አውሮፕላን መድፍና ተዋጊ አውሮፕላን ተለቀሙ። ድልድዩ አልፈረሰም።

ሜይ 15 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ሬይኖ ለቸርችል ስልክ ደውለው መሸነፋቸውን ነገሯቸው። ገና ስድስተኛው ቀን ነው። በማግስቱ ቸርችል ፓሪስ በርረው ተጠባባቂው ጦር የት እንዳለ ጋምላንን ጠየቁ። የለም አሉ ጋምላን። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግቢ ሠራተኞች መዝገብ እየቆለሉ ያቃጥሉ ነበር። ጋምላን ይመሩበት በነበረው የቫንሰን ቤተ መንግሥት የሬዲዮ መገናኛ አልነበረም፤ ትእዛዝ በሞተር ሳይክል መልእክተኛ ይሄዳል። መልእክቱ ሲደርስ ጉደሪያን ከዚያ ቦታ አልፏል።

ፍጥነቱ ጀርመኖችን ራሳቸውን አስፈራቸው። እግረኛው ከታንኩ ቀናት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የሰልፉ ጎን ባዶ ነው። ሜይ 17 ጉደሪያን ቁም ተባለ፤ ተቆጥቶ ልልቀቅ አለ። ለቅኝት ብቻ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ እሱም በቅኝት ስም ሙሉ ጦሩን ነዳ። በዚያው ቀን ኮሎኔል ሻርል ደ ጎል ገና እየተቋቋመ ያለ ታንከኛ ክፍላቸውን ይዘው ሞንኮርኔ ላይ መቱት። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አውሮፕላንና እግረኛ ግን አልነበራቸውም። ሜይ 20 የጀርመን ታንኮች አብቪል ደርሰው ማታውን የእንግሊዝን ባሕር አዩ። በቤልጅግ ያለው ጦር ተቆረጠ።

ደንከርክ

ሜይ 21 አራስ አጠገብ ወደ 70 የሚጠጉ የብሪታንያ ታንኮች የሮመልን ጎን መቱ። የጀርመን ፀረ ታንክ ጥይት ማቲልዳ በተባሉት ታንኮች ወፍራም ብረት ላይ እየነጠረ ተመለሰ፤ የሮመል ሰዎች ሸሹ። ያዳናቸው አውሮፕላን ለመምታት የተሠራውን 88 ሚሊ ሜትር መድፍ አጎንብሰው በታንክ ላይ መተኮሳቸው ነው። ጥቃቱ ትንሽ ቢሆንም ከበላይ ያሉትን ስጋት አጸናው።

ሜይ 24 ታንኮቹ ከደንከርክ ወደብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ሳሉ ቁሙ ተባሉ። ጄኔራል ሩንትሽቴት የደከመውን ታንከኛ ለቀጣዩ ዘመቻ መጠበቅ ፈልጓል፤ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግ የቀረውን በአውሮፕላን እጨርሳለሁ ብሏል፤ ሂትለር ትእዛዙን አጸደቀው። ሁለት ቀን አለፈ። በፍጥነት ያሸነፈ ጦር ራሱ ለጠላቱ ጊዜ የሰጠበት ዋናው ስህተት ይህ ነው።

ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከንግድ መርከቦችና ከዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ጋር ሆኖ 338,226 ሰው ከደንከርክ አወጣ። ከእነዚህ ከ120 ሺህ በላይ ፈረንሳውያን ነበሩ። ቤልጅግ ሜይ 28 እጅ ሰጠች። በሊል የተከበበ የፈረንሳይ ጦር እስከ ሜይ 31 ተዋግቶ በርካታ የጀርመን ክፍለ ጦሮችን ይዞ ባያቆይ ኖሮ ከባሕሩ ዳር የሚወጣው ሰው ባነሰ ነበር። እንግሊዞች መድፋቸውንና መኪናቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ጥለው ሰዉን ይዘው ገቡ።

ፓሪስ

ጁን 5 ሁለተኛው ዘመቻ ተከፈተ። ጋምላንን የተኩት የ73 ዓመቱ ጄኔራል ማክሲም ቬይጋን በሶምና በኤን ወንዞች ላይ አዲስ መስመር ዘርግተዋል። የፈረንሳይ ወታደር በዚህ ጊዜ የተዋጋው ከሜይ በተሻለ ነው። መንደሮችን ወደ ምሽግ ለውጦ፣ ታንኩ አልፎት ቢሄድ እንኳ ቦታውን ሳይለቅ ቆየ። ለጥቂት ቀናት ጀርመኖችን አገተ፤ ከኋላው የሚተካ ጦር ግን አልነበረም።

መንገዱን ደግሞ ስደተኛ ሞላው። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ፍራሹን በመኪና፣ በጋሪ፣ በብስክሌት ጭኖ ወደ ደቡብ ተመመ። መንግሥቱ ጁን 10 ከፓሪስ ወጣ። ከተማዋ እንዳትፈርስ ሳትከላከል ተተወችና ጁን 14 ጀርመኖች ገቡ።

ከቅኝ ግዛት መጥተው ለፈረንሳይ የተዋጉት አፍሪካውያን የደረሰባቸው ግፍ በዚህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ አይሰማም። በጁን 19 እና 20 በሊዮን አቅራቢያ በሻሴሌ ጀርመኖች የማረኳቸውን ጥቁር ወታደሮች ከነጮቹ ለይተው ረሸኗቸው። እንዲህ ያለው ግድያ በሌሎች ቦታዎችም ተፈጽሟል።

ጁን 16 ሬይኖ ሥልጣን ለቀቁ፤ የ84 ዓመቱ ማርሻል ፊሊፕ ፔታን ተተክተው በማግስቱ ውጊያው መቆም እንዳለበት በሬዲዮ ተናገሩ። ጁን 18 ደ ጎል ከለንደን ትግሉ ይቀጥላል አሉ፤ የሰማቸው ጥቂት ሰው ነበር። ጁን 22 በኮምፒየኝ ጫካ፣ ጀርመን በ1918 ሽንፈቷን በፈረመችበት የባቡር ፉርጎ ውስጥ፣ ፈረንሳይ ሽንፈቷን ፈረመች። ፉርጎውን ሂትለር ሆን ብሎ ከሙዚየሙ አስወጥቶ እዚያው ቦታ አስቁሞት ነበር። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ፈረንሳዊ ተማረከ።

ከድሉ በኋላ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ፈረንሳይ መንበርከኳን ያየው ሙሶሊኒ ጁን 10 ጦርነት አወጀ። ይህ ውሳኔ ለእኛ አገር ትርጉሙ ሌላ ነበር። የጣልያንን ወረራ በ1938 ያጸደቀችው ብሪታንያ አሁን የጣልያን ጠላት ሆነች። በባዝ ከተማ በስደት የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ወር መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ ካርቱም ተጓዙ። አራት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ሲዋጉ የነበሩት አርበኞች የውጭ ረዳት አገኙ። ንጉሠ ነገሥቱ በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ሙሶሊኒ የፈረንሳይን ቅርጫ ሲሻማ ኢትዮጵያን አጣ።

ለጀርመንም ድሉ እያሳሳቀ የሚወስድ ሆነ። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ ኃላፊው ካይቴል ሂትለርን የዘመናት ሁሉ ታላቅ የጦር መሪ ብሎ አወደሰው፤ ሂትለርም አመነ። ከዚያ በፊት ዕቅዱን የሚጠራጠሩ ጄኔራሎች አፋቸውን ያዙ። በ1940 በጋ የጀርመን አየር ኃይል በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ሳያሸንፍ ቀረ፤ በኖርዌይ የሰመጡት መርከቦችም ባሕሩን ለመሻገር አልነበሩም። በኤፕሪል 1941 ዩጎዝላቪያ በ11 ቀን፣ ግሪክም በዚያው ወር ተያዙ። ድሎቹ ጥርጣሬውን ይበልጥ ቀበሩት።

ጁን 22 ቀን 1941፣ ኮምፒየኝ ላይ በተፈረመ ልክ በዓመቱ፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የጀርመን ወታደሮች ከ600 ሺህ በላይ ፈረስ ይዘው ሶቪየት ኅብረትን ወረሩ። ዕቅድ አውጪዎቹ ሁሉም ነገር በጥቂት ወራት ያልቃል ብለው ነበር። የ1940ው ዘመቻ ግን ያሸነፈው ሁለት ነገር ስለገጠመለት ነው። ጠላቱ ለመወሰን ቀናት ይፈጅበት ነበር፤ ከሜዝ ተነስቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሮጠ ታንክ ደግሞ ባሕር ያገኝና ወጥመዱ ይዘጋ ነበር። በሩሲያ ሜዳ ባሕር የለም። የተከበቡት የሶቪየት ጦሮች በመቶ ሺህ ቢማረኩም ከኋላቸው ሌላ ጦር፣ ከዚያም ኋላ ሌላ መሬት ነበር። በዲሴምበር ሞስኮ ደጃፍ ላይ ታንኩ በብርድ ሲቆም፣ እግረኛውና ፈረሱ ሲደክም፣ የሶቪየት ጦር መልሶ መታ። ጀርመን ፖላንድንና ፈረንሳይን የረታችው ጠላት እንዲያስብ ጊዜ ባለመስጠት ነው። ለማሰብ ጊዜ የሚተርፈው ጠላት ስትገጥም ያን ድል ለመድገም የሚያስችል ሁለተኛ ዕቅድ አልነበራትም።